የወንድሜ እግር ፍሬን መያዙ እንዲታመንለት

ለመኪና አደጋ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 12

ጉዳዩ፦ «ሹፌሩ ፍሬን አልያዘም» የሚለው ውሳኔ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በመኪና ፋብሪካው የፍሬን ክፍል መሐንዲስ ነኝ። ሟች ታላቅ ወንድሜ በዚያው ፋብሪካ አዳዲስ መኪና እየነዳ የሚፈትሽ ሹፌር ነበር። ከግቢ ውጭ ሲነዳ እግረኛ ሁሉ ስለሚቀድመው ባልደረቦቹ «ሽማግሌው» ይሉት ነበር። በዝናብ በሙከራ መንገዱ ላይ ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ሞተብን።

2. መሥሪያ ቤትዎ ጥፋቱን በእሱ ላይ የጣለው እኔ በሠራሁት ሞዴል ነው፤ ማለትም መኪናው ሳይነዳ ፍሬኑን በኮምፒዩተር በምንሞክርበት ስሌት። በስሌቱ መኪናው ይቆማል፤ ስለዚህ ሰውየው ፍሬን አልያዘም ተባለ። እህቱ መሰከረችበት ማለት ነው፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።

3. ሞዴሉ የተሠራበት ሶፍትዌር ማንም በነጻ የሚወስደው፣ ማንም የሚያሻሽለው ነው። ፋብሪካው የውጭ ድርጅት መቅጠር ትቶ ሥራውን በራሱ መሐንዲሶች ሊሠራ ሲወስን የመረጠው ይህንኑ ነው። ከአደጋው በፊት አንድ የማላውቀው ባለሙያ፣ ፍሬን ውሃ ሲገባበት እንዴት እምቢ እንደሚል የሚያሰላ ክፍል ሠርቶ ለሁሉም ለቀቀ። እንጨምረው ብዬ አለቃዬን ለመንኩ። «ከመንገድ የተለቀመ ነገር እኛ ሞዴል ውስጥ አይገባም፤ የራሳችንን እንሠራለን» አሉኝ። ሶፍትዌሩን ራሱን ከየት እንዳመጣነው ጠፍቷቸው አይመስለኝም። ሞዴላችን ዛሬም ዝናብ የሚባል ነገር አያውቅም።

4. ከቀብር በኋላ ያንን የውሃ ስሌት ሞዴሉ ላይ ጨምሬ ሞከርኩት። ፍሬን ተይዞም መኪናው አልቆመም። ለአለቃዬ ሳሳያቸው እጅግ አዘኑልኝ፤ ሐዘንተኛ ናትና ትረፍ ብለው የኮምፒዩተር መግቢያዬን አስዘጉ።

5. የወንድሜ ሚስት «በራሱ ጥፋት ለሞተ ካሣም ቤትም አይሰጥም» ተብላ ከፋብሪካው ቤት እንድትወጣ ታዝዛለች። እናታችን ውሳኔው ሲነበብላት «አንቺ ነሽ አልያዘም ያልሽው?» ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

6. ስለሆነም ሶፍትዌሩ ከውሃው ስሌት ጋር በመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ፣ ፍሬኑ በእርጥብ መንገድ በቤተሰቡ ፊት እንዲሞከር፣ ወንድሜም ከጥፋቱ ነጻ እንዲባል በትሕትና አመለክታለሁ።

በተረፈ ይህንንም ይወቁልኝ። ሞዴሉን ስንጀምር ሹፌር በምን ፍጥነት ፍሬን እንደሚረግጥ የሚነግረን አልነበረም። የክፍላችን ልማድ የጎደለንን ከራሳችን ሰው መለካት ስለሆነ ወንድሜን አስቀምጬ ፔዳል አስረገጥኩት። እየሳቀ ረገጠ፤ ከለካናቸው ሁሉ ፈጣኑ እሱ ሆነ። በሞዴሉ ውስጥ ያለው ሹፌር ወንድሜ ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ፍሬን ይይዛል፤ መኪናውም ይቆማል። ባልደረባዬ እንደነገረችኝ ለሚቀጥለው መኪናም በእሱ እግር እንዲሠራ አለቃዬ ፈቅደዋል፤ «እምነት የሚጣልበት እግር ነው» ብለው።

ፍርድዎን ከምትጠብቅ እህት፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሟች እህት
የፍሬን ክፍል መሐንዲስ