የአባባ አንቀጽ

ይድረስ ለእታለም፣ ለውድ እህቴ ለዝናሽ ክፍሌ፤ ጅቡቲ።

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽስ ተሻለው ወይ? አለምብርሃንና ልጃችሁ ቢታንያ ደኅና ናቸው? የባሕሩ ወበቅ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ከነህምያ ነገር በቀር ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን። አለን ስልሽ እንበላለን፣ እንተኛለን ማለቴ ነው።

ታናሻችን ከሥራ ሲወጣ ከጎረቤታችን ልጅ ከዐብዲሰላም ጋር መወሰዱን በስልክ ነግሬሻለሁ። ለምን እንደሆነ እስካሁን የነገረን የለም። ስለ አባባ ግን በስልክ ማውራቱን ፈርቼ ይህን ጻፍኩልሽ። ለንግድ ወደዚያ የምትመጣው የዐብዲሰላም እናት ፋርሒያ በእጅሽ ትሰጥሻለች።

የአባባን አንቀጽ መቼም አትረሺውም። የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በቀበሌ ለውይይት ሲቀርብ፣ የባቡር ሥራ ልብሱን እንደለበሰ ተነሥቶ፣ በደርግ ጊዜ ወንድሙን ወስደው የት እንዳደረሱት ሳይነገረው እንደቀረ ተናገረ። የተያዘ ሰው ዳኛ ፊት ይቅረብ፣ ዳኛ ልቀቁት ካለ ይለቀቅ አለ። ሕጉ ሲወጣ ይኸው ተጽፎ አገኘና እሱ ያስጻፈው መሰለው። እማማ ወጡ ጨው ሲበዛበት፣ «እንግዲህ ዳኛ ፊት አቅርበኛ!» ትለው ነበር።

ነህምያ በተያዘ ማግሥት ፋርሒያ መጥታ፣ «አቦ ጋሽ ክፍሌ፣ ወላሂ ወረቀት እግር የለውም፣ ሰው እንላክ» ብትለው ተቆጣ። እኛንም ሕግ እያለ ሰው ፍለጋ የሄደ ልጄ አይደለም አለን። እሷ የምታውቀውን ሰው ላከች፤ ዐብዲሰላም በሳምንቱ ቤቱ ገባ። እኛ ዳኛ ጠበቅን።

ዘግይቶም ቢሆን ነህምያ ቀረበ፣ ዳኛዋም ይለቀቅ አለች። አባባ እዚያው አለቀሰ። ትእዛዙን ይዘን በባጃጅ ወደ ጣቢያ በረርን። በር ላይ ያለው ወጣት ፖሊስ አንብቦት ከበላይ አልታዘዝንም አለ። አባባ፣ «ከዚህ በላይ ማን አለ?» አለው። ፖሊሱ አልተቆጣም። «አባቴ፣ ፀሐዩ ይጎዳዎታል፣ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበር አመጣለት። ቢሰድበው ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ አባባ ስለ ሕግ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ነህምያም አልተለቀቀም።

ከተማው ሕገ መንግሥቱ ለጸደቀበት ቀን፣ ለኅዳር ሃያ ዘጠኝ፣ ሽር ጉድ ላይ ነው። ከዚራ ሰፈር በየዛፉ መሃል ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ድምፅ ማጉያውም ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። በዚያ አልፌ ሥራ እገባለሁ፣ በዚያው እመለሳለሁ። ንዴት ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ሰው ነኝ፤ ጉንጬ መኖሩን አውቃለሁ እንጂ አይሰማኝም።

ትናንት እማማ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ አባባ ጠራኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ያ የአለምብርሃን አብሮ አደግ፣ አሁን ባለሥልጣን የሆነው፣ ዝናሽ ብትለምነው እምቢ ይላል ወይ አለኝ። ልጻፍላት ብለው፣ «ጻፍ፤ እኔ ነኝ ያልኩት በላት» አለ። እናም እታለም፣ ያለው እሱ ነው። ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪለት።

ቢታንያን በእኔ ስም ጉንጯን ሳሚልኝ። አለምብርሃንን ሰላም በዪልኝ። እማማ ናፍቃሻለች፣ ይህን መጻፌን ግን አታውቅም። አባባም ሰላም ብሎሻል፤ ከእንግዲህ አለምብርሃንን በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብሏል።

ወንድምሽ ግሩም ክፍሌ
ድሬዳዋ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.