ባልሽ ማን እንደሆነ አይነገርሽም

ሰኞ

ባለትዳር ነኝ አሉ። ወረዳ የሄድኩት ያላገባ ማስረጃ ላወጣ ነበር፤ ቤተክርስቲያናችን ያለዚያ አታጋባም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየችና ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ «አግብተሻል እኮ» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። አንዲት ሴትዮ ከእግር እስከ ራሴ ገረመመችኝ። ማንን ነው ያገባሁት ስላት፣ የሰው የግል መረጃ ስለሆነ አይነገርም አለች። የእኔን ጉዳይ ግን ሰልፉ በሙሉ ያውቀዋል።

ለእጮኛዬ ለዳንኤል ደወልኩለት። አብረን የምንስቅ መስሎኝ ነበር። በኋላ እደውላለሁ ብሎ ዘጋው።

ማክሰኞ

የወረዳው ኃላፊ ከሰዓት ከስብሰባ ተመለሰ። ፋይሌን ልየው አልኩት። ፋይሉ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ያንቺ አይደለም አለኝ፤ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ። አንገሸገሸኝ። ቤት ገብቼ እራት አልበላሁም።

ረቡዕ

ኮተቤ ያለችው እህቴ «አትለማመጪያቸው፣ በጽሑፍ ጠይቂ» አለችኝ። አብረን ጻፍን፦ ስለ ራሴ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ ከተሳሳተም የማሳረም መብት አለኝ፤ ከከለከላችሁኝ ምክንያቱን ጽፋችሁ ስጡኝ። ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታሁ። ኃላፊው «ጽፋችሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ስቴኪኒውን ጣለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሐሙስ

ፋይሉ ተከፈተልኝ። ያገባችው ሌላ ሴት ናት፤ የእኔና የእሷ ስም ከነአባት አንድ ነው፣ የአያቷ ስም ግን ሌላ፣ ፎቶውም የእሷ። የእሷ ጋብቻ በእኔ ስም ገብቷል። ኃላፊው ትንሽ ስህተት ናት አለ። ይቅርታ የለም። ማስረጃውን ግን ተቀበልኩ።

ስወጣ የመስኮቷ ሠራተኛ ልታጽናናኝ ብላ ይመስለኛል፣ እጮኛሽም ተጨንቆ ማክሰኞ መጥቶ ነበር አለችኝ። እዚህ የሚያውቀው ሰው ስላለ የባልየውን ስም ነግረውታል። ለእሱ! እኔ ፋይሌን ተከልክዬ በተመለስኩበት ቀን።

አርብ

ከዳንኤል ጋር እንደልማዳችን ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ወጣን። አልካደም። ስሙን ይዞ ሾላ ገበያ ድረስ ሄዶ ሰውየውን ሲያፈላልግ ሰንብቷል።

«እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ብትዋሺኝስ ብዬ።»

ከወረዳው ሁሉ ይልቅ ይሄ አስጠላኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ አሁን እኮ ተጣርቷል፣ የሠርጉን ቀን እንቁረጥ አለ። እሱን እዚያው ባህር ዛፉ ሥር ትቼው ብቻዬን ቁልቁል ወረድኩ። ማታ ስልኩን አላነሳሁም። ነገ ላነሳው እችላለሁ፤ አላውቅም። ዛሬ ግን ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ።