የዳልቻው በሬና የላክህልኝ አባባል

ለምወድህ ወንድሜ ለእንድርያስ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ የጎን ውጋት ተወህ ወይ? ባለቤትህ ጽዮንስ? ሱቁስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እናታችንም በርትተዋል፤ ዓርብ ዓርብ ገበያ ወጥተው ወሬውን ሁሉ ለቃቅመው ይመለሳሉ።

የዳልቻውን በሬ እግር መሰበር ሰምተህ የላክኸውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። እታለም፣ ሳይከሳ ለሥጋ ሽጪውና ተገላገይ፤ እንግሊዞች «ከት ዩር ሎስስ» ይላሉ ብለሃል። ሽጪው ያልኸው ገብቶኛል፤ የእንግሊዞቹ ግን ከነከነኝ።

ንፋስ መውጫ የምትማረው ልጄ ፅጌረዳ ቅዳሜ ስትመጣ ጠየቅኋት። ኪሳራን መቁረጥ ማለት ነው፣ የጠፋው ይመለሳል ብለሽ ሌላ ከምትጨምሪበት እዚያው ላይ ማቆም ነው አለችኝ። እኔ መች ለቀቅኋት። ለቅሶ ቤትም ይባላል ወይ ስላት፣ ኧረ እማ ያባርሩሻል ብላ ሳቀች። ዶሮዬ የታቀፈችው እንቁላል መበላሸቱን እያወቅሁ ጥሬ ስሰጣት ከረምሁ፤ እሱን መተው ነው ወይ ስላት፣ አዎ እሱ ነው አለች። በረዶ የመታውን ገብስ ገልብጠን ጓያ ስንዘራበትስ ብላት፣ እሱማ ራሱ ነው። ለካ ስሙን ሳላውቀው ስሠራው ኖሬአለሁ። አንተም የቀድሞውን ሱቅ ዘግተህ ወደዚህኛው የመጣኸው በዚሁ ነው አይደል?

ወደ ዳልቻው ሳመጣው ግን አልገጥም አለኝ። ከሄድህ ቆይተሃልና ላስታውስህ፤ እኛ ያለን አንድ በሬ ነው፣ ጎረቤታችን መልካሙም ያለው አንድ። ባለቤቴ ላቀውና እሱ ሁለቱን አቀናጅተው አንድ ቀን የእኛን አንድ ቀን የእሱን ያርሳሉ። ዳልቻውን ብሸጠው የእኔ ኪሳራ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ግን ሄዶ መልካሙ ደጅ ይወድቃል። ዝናቡ ጀምሯል፤ አሁን ለነጠላ በሬ ቅንጃ ከወዴት ይገኛል?

አባባልህን ለመልካሙ ብነግረው፣ ለመሆኑ የእንግሊዞቹ በሬ ስንት ነው አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ የሚቆረጠው በሬው ነው ወይስ እኔ ብሎ ላቀውን አሳቀው። እኔ ፊቱን አየሁት፤ የምሩን ነበር።

ስለዚህ አልሸጥሁትም። ወጌሻው አሽቶ አስሮታል፤ እስከ ሰኔ ሚካኤል ከረገጠበት ይድናል ብሏል። እስከዚያው ላቀው ለሌላው ጎረቤታችን ለደጉ እየሠራ በልዋጩ የደጉን በሬ ያመጣል፤ ከመልካሙ በሬ ጋር ተቀናጅቶ የሁለታችንም መሬት ይታረሳል። በኪሳራ ላይ ኪሳራ ጨመራችሁ ትለኝ ይሆናል፤ እውነትህን ነው። ባይረግጥ እንኳ መልካሙ ሌላ ቅንጃ ሳያገኝ ዳልቻው ከቤቴ አይወጣም።

አንድ ነገር ግን ጠይቅልኝ። ሁለት ሰው አብሮ ለሚከስርበት እንግሊዞቹ ሌላ አባባል አላቸው ወይ? ካላቸው ላክልኝ። ዛሬ ጠዋት የደጉን በሬ በእሱ ቦታ ሲጠምዱት አይቶ ዳልቻው በሦስት እግሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ለዚህም የሚሉት ካላቸው ጨምርልኝ።

ነገሩ ቢረዝምብኝ በስልክ አልተናገርሁትም፤ ደብዳቤውን ፅጌረዳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ጽዮንን ሳምልኝ። እናታችን በጸሎታቸው ያስቡሃል፣ ላቀው እጅ ነሥቷል፣ ፅጌረዳ አጎቴ እያለች ነው። መልካሙም፣ እስካሁን አልተቆረጥሁም ብለሽ ሰላም በይልኝ ብሏል።

እህትህ ዓለሚቱ
አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት
ግንቦት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.