ምራቴና የሶስና ክትባት

ሰኞ
ለክትባት አልወስዳትም አለች ምራቴ ትዕግስት። ፊቴ ቆማ፣ ሶስናን እንዳዘለች። የልጅ ልጄ ዘጠኝ ወር ሞላት፣ እስካሁን አንድም ክትባት አላገኘችም። ጎረቤታችን መሸንቲ ኩፍኝ ገብቷል። አባቷ መኪና ይዞ መተማ ነው፤ ብደውልለት «እናንተው ተነጋገሩ» አለኝ። አባወራ እንዲህ ነው?
ጮህሁባት። «በግቢዬ ድንቁርና አይኖርም» አልኋት። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ማክሰኞ
የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። ከኮሮና ወዲህ በር የሚዘጋባት በዝቷል። «አባባ፣ እርስዎን ሰው ይሰማል፤ እድር ላይ ይናገሩልኝ።» የገዛ ምራቴን ያላሳመንሁ ምን ብዬ ልናገር?
ከሰዓት ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ዳሩን እምቦጭ ሸፍኖታል። ወጣት ሳለሁ በዚህ ውሃ ላይ የሞተር ጀልባ እነዳ ነበር። የፈንጣጣ ከታቢዎችን ጎርጎራ፣ ደልጊ አደርሳለሁ። ፊደል የለየሁት መድኃኒት ሳጥናቸው ላይ ከተጻፈው ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። የጠዋቱ ጉም፣ የናፍጣው ሽታ። እንዴት ናፈቀኝ።

ረቡዕ
አንድ ከታቢ ነበር፣ ቀጭን፣ የወሎ ሰው። ደልጊ ስንደርስ ሰዉ ልጁን እየያዘ ማሽላ ውስጥ ተደበቀ። እሱ ሳጥኑን ጀልባው ላይ ትቶ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ከአንድ ቤት ገባ። ራታቸውን በላ፣ ስለ ሞቱባቸው ልጆች ጠየቃቸው፣ አብሮ አለቀሰ። ሳጥኑ የወጣው በማግስቱ ነው፤ ያኔ ሰዉ ልጆቹን ራሱ አመጣ። እኔ ጊዜው ባከነ እያልሁ ሳጉረመርም አደርሁ።

ሐሙስ
ሲመሽ የትዕግስትን በር አንኳኳሁ። ደነገጠች። «አባባ፣ ምን ሆኑ?»
«ራት ልበላ።»
«በገዛ ግቢዎ አንኳኩተው?» ሳቋ አመለጣት።
ሽሮ አቀረበች። ስለ ክትባት ትንፍሽ አላልሁም። ስለ እናቷ ጠየቅኋት። በኮሮና ጊዜ ነው የሞቱት።
«የኮሮናውን መርፌ ያስወጋኋት እኔ ነኝ፣ አባባ። ሳምንት አልቆየችም። ሶስናንም በእጄ ልግደላት?»
እናቷ ከዚያ በፊትም ልባቸውን በጽኑ ያማቸው ነበር። ይህን ኤክስቴንሽኗ ብትነግራት ይሻላል አልሁ በልቤ። እስክትጨርስ ድረስ አለቀሰች፣ እኔም ቁጭ አልሁ። ስነሳ «መርፌው አይመስለኝም። ግን ራስሽ ኤክስቴንሽኗን ጠይቂ፤ አላዝሽም» አልኋት። ይህን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም።

ዓርብ
ትዕግስት ጠርታት ኤክስቴንሽኗ ከክፍሏ ገባች። እኔ ደጅ ቀረሁ። ስለ ልብ ሕመም ብዙ አወሩ። ቀጥላ «ትኩሳት ሊመጣባት ይችላል፣ የተወጋችበትም ያብጥ ይሆናል» ስትላት ሰማሁ። ምነው ዝም ብትል! አበላሸችው አልሁ። ተሳስቻለሁ። ትዕግስት ወደ ጤና ኬላው ለመሄድ ነጠላዋን ያነሳችው ይህን ከሰማች በኋላ ነው። «ለእናቴ እንዲህ አድርጎ የነገረን አልነበረም» አለች።
ሶስና የኩፍኙን ተከተበች፣ ካመለጧትም ጥቂቱን።

ቅዳሜ
ትኩሳቱ መጣ። ጭኗ ቀልቷል፣ ታለቅሳለች። እኔ ፈራሁ፤ ይህች ልጅ ከባሰባት ትዕግስት ዳግመኛ ማንንም አታምንም። እሷ ግን ለኤክስቴንሽኗ ደውላ የተባለችውን ታደርጋለች። «እስቲ ይያዙልኝ» ብላ አስታቀፈችኝ። የወለድኋቸውን እንኳ እንዲህ አልታቀፍሁም። ግንባሯን በጉንጬ እለካለሁ፤ የቀነሰ ይመስለኛል፣ መልሶ አይመስለኝም።
አሁን ጡት ይዛለች።
«ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው?» አልሁ።
«ኧረ አባባ፣ መጀመሪያ ትተንፍስ!»
እምቢ አላለችም።