ሦስት ውሃ የወጣለት አሲድ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ወንዳፍራሽ፤

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ገናን በሰላም አሳለፉ? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አሳሰበኝ። ከመኪና ሥር መግባቱን ይተዉ ብዬዎት ነበር፤ ምክሬ ከጋራዥዎ በር እንዳላለፈ ግን ከእህቴ ከየምሥራች ሰምቻለሁ። እኔ በጌታ ቸርነት ጤነኛ ነኝ። ልቤ ነው እንጂ አላረፈም።

ማሪዬታ ያለው ፋብሪካችን ኤስተር ይሠራል፤ ከአልኮልና አቼቶን ከሚያኮመጥጠው አሲድ የሚወጣ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት የቀለም ማቅጠኛ ነው። ሁለቱን የሚያዋህዳቸው፣ ካታሊስት የምንለው፣ እርስዎ የሚያውቁት የባትሪ አሲድ ነበር። እሱን ከበርሜል እየቀዱ የሚያፈሱት ጋሽ አምባቸው ናቸው፤ ከክላርክስተን የሚመላለሱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ባለፈው ክረምት ፍንጣቂው ክንዳቸውን ላጠው። እልህ የያዘኝ ያን ቀን ነው።

የአሲዱን ጠባይ በላያቸው የያዙ፣ ጎመን ዘር የሚያካክሉ እንክብሎች አሉ። ቱቦ ውስጥ ይሞሉና ፈሳሹ ሳያቋርጥ በመሃላቸው ያልፋል፤ ማፍሰስ የለ፣ ዝቃጭ የለ። አለቃዬን ለምኜ አስፈቀድኩ። እስከ ዓርብ ካልሠራ ግን ወደ በርሜሉ እንመለሳለን አለኝ።

ቱቦው ተከፈተ፤ ኤስተር የለም። የገባው እንደገባ ወጣ። ፓምፕ ስፈታ፣ ሙቀት ስለካ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ስቆጣ ዋልኩ። ጋሽ አምባቸው አዘኑልኝና፣ "ሣራዬ፣ በእኔ በኩል እንኳ አልጎደለም፤ ሦስት ውሃ አውጥቼ ነው ቱቦው ውስጥ ሎድ ያደረግኩት" አሉኝ። ክው አልኩ። እንክብሉን እጠቡልኝ ብያቸው ነበር፣ በተጣራ ውሃ መሆኑን የሚያውቁ መስሎኝ። እሳቸው ደግሞ እንደ ምስር፣ ቧንቧውን ለቅቀው ጥርት እስኪል አጥበውታል። የቧንቧ ውሃ ጨው አሲዱን አስለቅቆ በቦታው ይቀመጣል፤ እንክብሉ ሞተ ማለት ነው። ልጮህ ስል የተላጠውን ክንዳቸውን አየሁና ዋጥኩት።

መድኃኒቱ ደግሞ በውሃ የቀጠነ ያው አሲድ ነው። እኔ ላፍስሰው ብል፣ "አንቺማ አትነኪውም!" ብለው ጓንታቸውን አጠለቁ። አሲዱን በቀጭኑ ወደ ውሃው አንቆረቆሩት። አባባ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ምንም ሳይሆኑ ጨረሱ፤ እንክብሉን በተጣራ ውሃ አለቅልቀን መለስነው።

ዓርብ ከሰዓት ኤስተሩ መጣ። ሽታው አዳራሹን ሲሞላው ጋሽ አምባቸው አጨበጨቡ። አለቃዬም ቢሮው ጠርቶ አመሰገነኝ። ቀጥሎ፣ ቱቦው ራሱን ከቻለ አሲድ የሚያፈስ ሰው ምን ያደርግልናል አለና፣ መሰናበታቸውን ሰኞ ጠዋት እኔው እንድነግራቸው አዘዘኝ። ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው ብዬ ተሟገትኩ፤ የለም አለ። ልኩል ብዬ ዓይን አጠፋሁ። ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ በየምሥራች ስልክ የምልከው ሰኞ ሳይደርስ እንዲመክሩኝ ነው። ምን ብዬ ልጀምር?

እማዬን ጉንጮቿን ሳሙልኝ። የምሥራችን፣ ባሏን ሄኖክንና ያን ረባሽ ልጃቸውን ኤልቃናን ሰላም በሉልኝ። ጋሽ አምባቸውም ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ "ለአባትሽ ሰላምታዬን ጻፊልኝ፤ ልጅዎ ከአሲድ አወጣችኝ በይልኝ" ብለውኛል።

ልጅዎ ሣራ
ማሪዬታ፣ አትላንታ
እሑድ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.