ሰው በሌለበት ሰላምታ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰዑድ፤ የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። የጂዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስንደዋወል አባባ ከጎኔ ስለማይነሳ፣ ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለምትመለሰው ለመስኡዳ ሰጥቻታለሁ።

ሳይክልህን አባባ እየነዳት ነው። ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ ሐይቁን ታኮ በሚሄደው፣ መኪና በማይበዛበት መንገድ፣ ከገዳሙ ባሻገር ካለው መንደር የጥንት ወዳጁን አያ ባዬን ሊጠይቅ ይሄዳል። ጠባዩን ታውቀዋለህ፤ ከሳይክል ሳይወርዱ ሰውን ሰላም ማለት ነውር ነው ይላል። ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ልጆቹን ሁሉ ጠይቆ ነው የሚያልፈው። አሁን ግን ጭራሽ ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚገባው። "ሰላምታው በዛብኝ" ይለኛል።

ባለፈው ጁምዓ ስልኩን ረስቶ ስለሄደ በእግሬ ተከተልኩት። ገዳሙ ጋ ሳልደርስ ደረስኩበት። ዳገቱ ሥር ከሳይክሉ ወርዶ፣ መሪውን ተደግፎ ቆሟል።

"ለማን ነው የወረድከው አባባ?" አልኩት።

ላቡን በፎጣው ጠረገና፣ "የሚመጣ ሰው አለ" አለኝ።

መንገዱ እስከ ላይ ድረስ ጭር ብሏል። እኔም አብሬው ቆሜ ጠበቅሁ።

ለአረፋ እመጣለሁ ብለህ ነበር፤ ከቻልክ ለረመዳን አድርገው። ሳይክልህን ራስህ ትነዳና አባባን ከኋላ ትጭነዋለህ። ሰው ስታገኙ አንተ ውረድለት፤ እሱ ቁጭ ብሎ ሰላም ቢል ማንም አይቀየመውም።

አላህ በደህና ያገናኘን።

እህትህ ሱንዱስ፣ ከሐይቅ