ሊዶ ሞጣ ላይ

ኅዳር 9 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ቢቸና

የክሊኒኩን ታፔላ ዛሬ ጨረስኩ። «መርፌ በንጽሕና ይወጋል» ብዬ ጻፍኩ። ድሬሰሩ መጥቶ «በንጽሕናና በርኅራኄ» በልልኝ አለ። ቦታ የለም አልኩት። ርኅራኄው ሳይገባ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ጥሩአየሁን ገበያ ላይ አየኋት። ነጠላዋን አስተካክላ እንደማታውቀኝ አለፈች። ሽማግሌ የላከ ሰው እንዲህ ነው መሰለኝ የሚታለፈው። አባቷ ግራዝማች ወልደ ሰንበት ለሽማግሌዎቼ የሰጡት መልስ «ከጥምቀት በኋላ ኑ» የሚል ነው። እሺም አይደል፣ እምቢም አይደል። እስከ ጥምቀት እንቅልፍ ከየት ይመጣል?

ኅዳር 16፣ ሞጣ

በጭነት መኪና፣ በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ መጣሁ። ከደብረ ወርቅ ጀምሮ ሳስነጥስ...

የጠሩኝ ሐጂ ሙሐመድሁሴን ናቸው፣ የጨርቅ ነጋዴው። ከምድር ቤቱ በላይ ሁለት ፎቅ ያለው ሆቴል እያሠሩ ነው። ለምድር ቤቱም ለፎቆቹም ስም ጻፍልኝ አሉ።

«አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብዬ ብጽፈው አይሻልም?» አልኳቸው።

«ምን ነካህ ደምለው! አለቃውን ወይም ግራዝማችን ‹ሁለተኛ› ላይ ባሳድራቸው ከዚያ ወዲያ ማን ሰላም ይለኛል?»

እውነታቸውን ነው። እዚህ አገር በመቀመጫ የተኳረፈው ሰው በመሬት ከተጣላው ይበዛል።

ሐጂ መካ ሲሄዱ ከምጽዋ የተሳፈሩበት መርከብ ድሮ ፈረንጅ ለሽርሽር የሚሄድበት ነበር አሉ። ወለሎቹ ቁጥር የላቸውም፣ ስም ነው ያላቸው። ከታች ወደ ላይ በቃላቸው ይዘውት መጥተዋል፤ ፕሮመናድ፣ ቦት፣ ሊዶ።

«ሊዶ ከላይ ያለው ነው። ነፋሱ... እፎይ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዑሙሰልማ ከጓዳ ሆነው፣ «እኔን በሦስቱም ላይ አስመልሶኛል» አሉ።

ሊዶ ምን ማለት ነው ብላቸው «እንጃ፣ የካፒቴኑ ልጅ ትሆናለች» አሉኝ። እኔም አመንኩ።

ዋናውን ነገር ረሳሁት! ሐጂ ሽማግሌ ሊሆኑኝ ነው። ግራዝማችን ለምርቃቱ ይጠሯቸዋል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ በክብር ያሳድሯቸዋል፣ ከዚያ ጥያቄው ይቀርባል። ዕድሜ ይስጣቸው!

ኅዳር 23፣ ቢቸና

የማላውቀውን ቃል መጻፍ አልወድም። መምህር አካለ ወልድ ዘንድ ሄድኩ፣ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ፕሮመናድ በፈረንሳይኛ መንሸራሸር ነው፤ ተሳፋሪው ወዲያ ወዲህ የሚልበት ወለል። ቦት ጀልባ ነው፤ መርከቡ ቢሰጥም ማምለጫ ጀልባዎቹ እዚያ ይሰቀላሉ። ሊዶ ደግሞ ቬኒስ የምትባል ከተማ አጠገብ ያለ የባሕር ዳርቻ። ሰው ይዋኝበታል፣ ፀሐይ ይሞቅበታል። የመርከብ ሰዎች መዋኛ ያለበትን ወለል በዚያ ዳርቻ ስም ጠሩት።

ፀሐይ ለመሞቅ መርከብ መሳፈር? ወይ ፈረንጅ!

ግን ደስ አለኝ። በሚሠራበት ሥራ፣ በሚወዱት ቦታ ስም ማውጣት... እኛስ እንዲሁ አይደለን? እኅቴን ፈንታነሽ ያሏት ከእሷ በፊት ወንድማችን ስለሞተ ነው። ዝም ብሎ የወጣ ስም የለም።

ታኅሣሥ 12፣ ሞጣ

ሦስቱንም ጻፍኩ። በቀይ፣ ጥቁር ጥላ አግብቼበት። ሊዶ በተለይ አማረልኝ። ሐጂ ረመዳን ላይ፣ እኔ የነቢያት ጾም ላይ... ሁለታችንም ሆዳችን ባዶ ስለሆነ በረባ ባልረባው ስንነታረክ ዋልን። ማታ ሁለታችንም በላንና ታረቅን።

ጥር 12፣ ቢቸና

አፌን በቆረጠው!

ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ግራዝማች ጠሩኝ። ወንዶች ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ነበሩ።

«ሞጣ ምን ስትሠራ ከረምህ?»

ነገርኳቸው። መርከቡን፣ ፎቆቹን፣ ስሞቹን፣ ስም በሚሠራበት ሥራ እንደሚወጣ፣ እሳቸውም ላይኛው ሊዶ ላይ እንደሚያድሩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ በደስታ ሰሙኝ።

«እኔ የማድርበት ሊዶ ነው በለኛ! ምን ማለት ነው?»

እዚህ ላይ «እንጃ» ብል ምን ነበረበት? ግን ዕውቀቴን ላሳይ...

«የባሕር ዳርቻ ነው፣ ግራዝማች። ቬኒስ የምትባል የጣልያን ከተማ...»

ጣልያን የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ግራዝማች አርበኛ ናቸው። በጠላት ጊዜ ዱር ገብተው ነው የኖሩት፤ ሁለት ጣታቸውም እዚያው ቀርቷል።

«ጣልያን ሞጣ ላይ ፎቅ ወጣ በለኛ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

አለቀልኝ። ጥሩአየሁ... ቀረች።

ጥር 13፣ ሞጣ

ሐጂ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ምርቃቱ ነገ ነው። አጥፋው አሉኝ። ነጭ ቀለም ቀባሁበት፤ ቀዩ ከሥር አለፈና ሮዝ ሊዶ ብቅ አለ። ደገምኩት። አሁንም ብቅ። ጣልያን እንዲህ እምቢ ያለው አርበኞቹን ብቻ አይደለም ለካ! በመጨረሻ ወይዘሮ ዑሙሰልማ አቡጀዲ አመጡና ሸፈንነው።

ይመጡ ይሆን? ባይመጡ ይሻላል? አላውቅም።

ጥር 14፣ ሞጣ

መጡ!

ከተማው ሁሉ ተሰብስቧል። በአንድ በኩል የእስላም፣ በአንድ በኩል የክርስቲያን ሥጋ ይወጣል። ብርዙ ይቀዳል። ግራዝማች ኒሻናቸውን ደርድረው፣ ማንንም ሳያነጋግሩ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ወጡ። እኔና ሐጂ ተከተልን። ሕዝቡም ተከተለ።

«ግለጠው» አሉኝ።

ገለጥኩት። ሮዟን ሊዶ ቆመው አዩዋት።

«ማን አጥፋ አለህ?»

ሐጂን አየኋቸው፤ እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

«ጣልያን አምስት ዓመት አገሬን ረገጠ። እኔ አንድ ሌሊት አገሩ ላይ ብተኛበት ይበዛብኛል? መልሰህ ጻፈው። ጎላ አድርገህ!»

እልልታው ቤቱን አናጋው። ግራዝማች ገብተው አልጋው ላይ ጋደም አሉ። ጫማዎን ላውልቅልዎ ብላቸው «ከነጫማዬ ነው የምተኛው» አሉ።

ሐጂ መቼ ይህን ያሳልፋሉ! እዚያው አልጋው ሥር ቆመው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ጠንተናል አሉ። ግራዝማች ከአልጋው ሳይነሡ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይህ ሰው ያን ዕለት የመልአክ ስም ነው ቢለኝ አምነው ነበር። መዋሸት እየቻለ እውነቱን ነገረኝ። አፉ አያርፍም፤ ይሁን። የሚዋሸኝ አማች ከሚገባ አፉ የማያርፈው ይግባ።»

የሐጂን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ወይዘሮ ዑሙሰልማ «ቀለምህን ታጠብ መጀመሪያ!» አሉኝ። አልቅሻለሁ። ቀለሙ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አልኳቸው።

የካቲት 19፣ ቢቸና

ተጋባን። መጻፍ አልችልም፣ ይጠሩኛል።

የካቲት 25፣ ቢቸና

ዛሬ ግራዝማች ቤታችን መጡ። ቁጭ አሉ፣ ጠላቸውን ጠጡ፣ ጢማቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሌላስ የጣልያን ከተማ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ... ለምን ፈለጉት?»

«አዲስ ሽንት ቤት አስቆፍሬአለሁ። ስም በሚሠራበት ሥራ ነው የሚወጣው አላልክም?»

ጥሩአየሁ ከጓዳ ሆና በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን አልሳቅሁም። የሰማሁት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። ልጄ አሉኝ።